ከመኪናዋ በስተኋላ የሚቆም ሰው

ሥራዬን ለማስረከብ መዝገቦቹን አንድ በአንድ በምንቆጥርበት ዕለት፣ ወንበሬን የሚረከቡት ባልደረባዬ ከመደርደሪያው ግርጌ አንድ ቀጭን ማኅደር መዝዘው አወጡ። በሽፋኑ ላይ በራሴ የቁም ጽሕፈት «ባለ መኪኖች በመኪና አሠራር ላይ የሰጡት ቃል» ተብሎ ተጽፎበታል። ባልደረባዬ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው፣ «ይህ የፍርድ ጉዳይ ነው ወይስ የግብር?» ሲሉ ጠየቁኝ። ሁለቱም እንዳልሆነ ነገርኳቸው። «ታዲያ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት በመኪና አሠራር ምን አገባው?» አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። በዕለቱ የሰጠኋቸው መልስ አጭር ስለ ነበረ፣ ረጅሙን መልስ ጊዜ ባገኘሁበት በዚህ ወራት በጽሑፍ አኖራለሁ።

የሥራ ዘመኔን በሙሉ እዚህ ለመዘርዘር አላስብም። ትውልዴ ምንጃር ነው። ፊደል የቆጠርኩትም ዳዊት የደገምኩትም በዚያው ደብር ሲሆን፣ በጽሕፈት ሥራ የተቀጠርኩት ጣልያን ከአገር በወጣ ማግሥት ነው። ከዚያ በኋላ በማይጨውም በደሴም ሠርቻለሁ፤ ለጥቂት ዓመታትም አዲስ አበባ ተዛውሬ ነበር። ደመወዙ አልፎ አልፎ ይዘገያል፤ ወረቀቱ ግን አንድም ቀን ዘግይቶ አያውቅም። ስለ ሁለቱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ስለ ሥራው የሚያስታውስ ሰው ሁሉ ሐሳቡ ደጋግሞ የሚመለስበት አንድ ስፍራ ይኖረዋል። የእኔ ስፍራ መቐለ ነው፤ በመንገድና መገናኛ ክፍል ረዳት ጸሐፊ ሆኜ የቆየሁባቸው የመጀመሪያዎቹ ዓመታት።

በዚያ ዘመን በከተማው የነበሩት መኪናዎች በድምፃቸው ይታወቁ ነበር። የእንዳ ኢየሱስን ቁልቁለት እየወረደ የሚመጣው የማን መኪና እንደ ሆነ፣ መስኮቱን ሳንከፍት ከጽሕፈት ጠረጴዛችን እንናገር ነበር። አብዛኞቹ ጣልያን ጥሏቸው የሄደ፣ በሽቦና በጸሎት የቆሙ ትላልቅ መኪናዎች ናቸው። በኋላ ግን አንድ የአዲስ አበባ አስመጪ ከባሕር ማዶ ያስመጣቸው አነስተኛ የጭነት መኪናዎች መታየት ጀመሩ። እነዚህ ከሹፌሩ ክፍል፣ ከጋቢናው በስተኋላ፣ ክፍት የዕቃ መጫኛ አላቸው። መጫኛውን ካሶኒ፣ በዙሪያው የሚቆሙትን ሳንቃዎች ስፖንዳ ይሏቸዋል። ቃሎቹ የጣልያን ናቸው፤ ሰዎቹ ሲሄዱ ቃሎቻቸው እዚሁ ቀሩ። ከቆላው በግመል የሚወጣው አሞሌ ጨው መቐለ ላይ ይራገፍና በእነዚህ መኪናዎች ተጭኖ ኲሓን አልፎ ወደ ማይጨው፣ ወደ ኮረምና ወደ ደሴ ይሄዳል።

አንድ ቀን ከዚያ አስመጪ ለክፍላችን ደብዳቤ ደረሰ። ፋብሪካው መኪናዎቹ በተራራማ አገር እንዴት እንደሚሠሩ ለማወቅ ስለሚፈልግ፣ ባለ መኪናዎቹ የሚወዱትንና የሚያማርሩትን ጠይቀን እንድንልክ ይለምናል። ከደብዳቤው ጋር በመስመር የተከፋፈለ ቅጽ ተያይዟል፤ «የመኪናው ክፍል»፣ «የታየው ጉድለት»፣ «ባለቤቱ የሚመኘው» የሚሉ ዓምዶች አሉት። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እስከዚያ ቀን ድረስ የማውቀው ዕቃ ተሠርቶ እንደሚመጣ፣ ገዢውም እንደ ፍጥርጥሩ ተቀብሎ እንደሚኖር ነው። ማረሻ የሠራ ቀጥቃጭ ገበሬውን ይጠይቃል፤ ጎረቤቱ ነውና። ባሕር ማዶ ያለ ፋብሪካ የመቐለን ሰው ይጠይቃል ብሎ ግን ማን ያስባል? ነገሩ በጣም ስለ ገረመኝ የክፍሉ ሹም ሥራውን ለማን እንደሚሰጡት ሳያስቡ ቀድሜ ለመንኳቸው። «ውሰደው፤» አሉኝ፤ «ነገር ግን ማኅተም የሚያርፍበት ስለ ሆነ ቅንጣት ስሕተት እንዳይገኝበት።»

ለሥራው አጋር የተመደቡልኝ የመኪና መርማሪው አቦይ ወልዱ ናቸው። አቦይ ወልዱ በጣልያን ጋራዥ ሲሠሩ የኖሩ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ሽበታቸውን ሁልጊዜ በቆብ የሚሸፍኑ ሰው ነበሩ። አማርኛ ይሰማሉ እንጂ አይጽፉም። እጃቸው ቅባት ነክቶት ከሆነ በቤንዚን፣ ቀጥሎም በሳሙና ሳይታጠቡ ወረቀት አይዳስሱም። በኪሳቸው ጠመኔ አይጠፋም። ሞተር ሲነሣ ቆባቸውን አውልቀው በኮፈኑ ላይ ያኖሩና ቆቡ ወደየት እያዘገመ እንደ ሆነ ትንፋሻቸውን ውጠው ይመለከታሉ። «ሞተር የሚዋሽ በጆሮ ነው፤ በቆብ አይዋሽም» ይሉ ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ልማዳቸው ግን ሌላ ነው። አንድ ባለ መኪና አቤቱታውን ሲጀምር እጃቸውን ከፍ ያደርጉና «ኣርእየኒ» ይሉታል፤ አሳየኝ ማለት ነው። ሰውየው ነገሩን በመኪናው ላይ አድርጎ ካላሳየ፣ ጉድለቱም በጠመኔ ምልክት ካልተደረገበት አንድ ቃል አያስጽፉኝም። ጽፌ ስጨርስ ደግሞ በትግርኛ መልሼ እንድነግረው ያዝዙኛል፤ ሰውየው ራሱን እስኪነቀንቅም ይጠብቃሉ። መጀመሪያ ይህ ሁሉ ጊዜ ማባከን መሰለኝ። «አቦይ፣ ሰውየው እኮ ተናግሯል፤» ብላቸው፣ «ወደይ፣ ወረቐት ኣይዛረብን፤» አሉኝ። «ልጄ፣ ወረቀት አይናገርም። እዚያ ማዶ ሄዶ ዝም ሲል ማን ይናገርለታል?»

በዚህ ዓይነት ለሳምንታት ሠራን። ከሰማኋቸው አቤቱታዎች አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ ያስቁኛል። ከወሎ መጥቶ በመቐለ ጨው የሚነግደው እንድሪስ ገና ከደጃፉ ጀምሮ ይናገራል።

«አንቱ ጸሐፊ፣ ይጻፉልኝማ! የካሶኒዋን ወለል ብረት ያደረገው ማነው? እኛ አገር በሬ ጨው ይልሳል፤ እዚህ ጨው መኪናዬን ይልሳታል። ይኸው ልሶ ልሶ ከታች መንገዱን ያሳየኛል!»

አቦይ ወልዱ ጎንበስ ብለው በቀዳዳው ጣታቸውን አሾለኩና ዙሪያውን በጠመኔ ከበቡት። «የእንጨት ወለል ይሻላል» ብለን ጻፍን።

ሌላው ደግሞ ጡሩንባዋ ግመል አታስነሣም ብሎ አማረረ። እኔ ይህ ለፋብሪካ የሚጻፍ ነገር አይደለም ብዬ ብዕሬን ባስቀምጥ፣ አቦይ ወልዱ «ኣርእየኒ» አሉና መኪናዋን ጨው የጫኑ ግመሎች ወደሚያልፉበት መንገድ አስነዷት። ሹፌሩ ጡሩንባውን ነፋ። ግንባር ቀደሙ ግመል አንገቱን አዙሮ አየን፤ አመነዠከ፤ ከመንገዱ መሐል ግን ንቅንቅ አላለም። አቦይ ወልዱ ሳይስቁ፣ «ጻፍ፤» አሉኝ፤ «ግመሉ ሰምቷል፣ ነገር ግን አልተቀበለም።» እንዲሁ ጻፍኩ።

ወይዘሮ ለተብርሃን የመጣችው አቦይ ወልዱ በሌሉበት ቀን ነው። የተገለበጠ መኪና እንዲመረምሩ ወደ ማይጨው ተልከው ነበር። ለተብርሃን ባሏ ሲሞት የጨው ንግዱን የተረከበች፣ ከእነዚያ አዳዲስ መኪናዎች አንዷን በስሟ ያወጣች ሴት ናት። ሹፌር ቀጥራለች፤ ታናሽ ወንድሟ ካሕሳይ ደግሞ ከካሶኒው ላይ ተቀምጦ ይሄዳል። የካሕሳይ ሥራ ታኮ ማግባት ነው። መኪናዋ ዳገት ላይ ስትቆም ዘሎ ይወርድና ከኋላ ጎማዋ ሥር ወፍራም የእንጨት ታኮ ይሸጉጣል፤ ስትነሣ ታኮውን ስቦ ያወጣና ሮጦ ይሳፈራል።

መኪናዋ በዕለቱ መንገድ ላይ ስለ ነበረች ለተብርሃን የመጣችው ብቻዋን ነው። በትግርኛ ተናገረች፤ እኔም በትግርኛ ሰማሁ። በዚያን ጊዜ መቐለ ከገባሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ገበያ ወጥቼ እከራከርበታለሁ፤ ቀልድም ይገባኛል፤ በዚህም በልቤ እኮራ ነበር። እርሷ ያለችው ይህ ነው፦

«እታ ናይ ድሕሪት ስፖንዳ ምስ ነቐለት ትወድቕ።»

ጻፍኩ፦ «የኋላዋ ስፖንዳ እየተነቀለች ትወድቃለች።»

ቀጥላም፣ «ወንድሜ እኮ ከኋላዋ ነው የሚቆመው፤» አለች። «ስለዚህ በገመድ እናስራታለን። ጫን በተባለ ቁጥር ማሰር፣ አውርድ በተባለ ቁጥር መፍታት፤ ገመዱም ጨው ነክቶት ይበጠሳል።» በቅጹ ላይ ስለ ሰው የሚጻፍበት ዓምድ አልነበረም። ስለ ወንድሟ የተናገረችውን የመኪናው ጉድለት አይደለም ብዬ ተውኩት።

ለተብርሃን ብዕሬ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ትመለከት ነበር። «ተረዲኡካ ዶ?» አለችኝ፤ ገብቶሃል ወይ ማለቷ ነው።

«እወ፤» አልኩ።

መልሼ አልነገርኳትም። መኪናዋ እስክትመጣ ልጠብቅም አላልኩም። በማግሥቱ ወረቀቶቹ ተጠናቀሩ፤ ሹሙ ማኅተም አሳረፉበት፤ ፖስታው ሄደ። አቦይ ወልዱ ከማይጨው ሲመለሱ፣ «የለተብርሃንን መኪና አየሃት?» ብለው ጠየቁኝ። «ቃሏን በሚገባ ተቀብያለሁ፤» ብዬ መለስኩ። አቦይ ወልዱ ቆባቸውን አስተካክለው ወደ ሥራቸው ሄዱ።

ከወራት በኋላ መልስ መጣ። ክፍሉ በደስታ ተናወጠ ብል ማጋነን አይሆንም። ፋብሪካው ወለሉን በሚመለከት ለሚቀጥለው ምርት እንደሚያስብበት ገልጾ፣ ስለ ስፖንዳው መነቀል ግን ባስቸኳይ መፍትሔ ማግኘቱን አስታውቋል። ከደብዳቤው ጋርም ለሁሉም ባለ መኪናዎች የሚበቁ ወፍራም የብረት ማጠፊያዎች ተልከዋል፤ ስፖንዳዋ ከካሶኒው ጋር የምትያያዝባቸው ናቸው። እኔ ራሴ ለተብርሃንን አስጠርቼ የእርሷን ማጠፊያዎች በእጇ አስረከብኳት። ደብዳቤውን ተርጉሜ ሳነብላት፣ «ከእንግዲህ አትነቀልም» ይላል አልኩ። ይህ በእርግጥ በደብዳቤው ውስጥ ነበረ። ከዚያም፣ «ስለዚህ ገመዱ አያስፈልጋችሁም፤» አልኳት። ይህኛው በደብዳቤው ውስጥ አልነበረም። ያከልኩት እኔ ነኝ።

እርሷ ማጠፊያውን በመዳፏ መዘነችው። «ከባሕር ማዶ ሆነው ሰሙን ማለት ነው?» አለች።

«ሰምተዋል።»

«እንግዲያ ካሕሳይ ከገመድ ተገላገለ፤» ብላ ሣቀች። በሕይወቴ የሰው ሣቅ እንደዚያ የከበደኝ የለም፤ የከበደኝ ግን ያን ዕለት ሳይሆን በኋላ ነው።

አደጋው የደረሰው በጠራራ ፀሐይ፣ በእንዳ ኢየሱስ ዳገት ላይ ነው። መኪናዋ ጨው ሞልታ ወደ ኲሓ ስትወጣ ውኃ ልትጨምር ቆመች። ካሕሳይ ታኮ አስገባ። ስትነሣም ታኮውን ሊስብ ጎንበስ ባለበት ስፖንዳዋ ወረደች፤ አሞሌዎቹም ተከታትለው ወረዱ። በአዲሱ ማጠፊያ ላይ ምንም የደረሰ ጉዳት አልነበረም። ስፖንዳዋ አልተነቀለችም፤ ከላይ የሚይዛት መንጠቆ ተከፍቶ ተዘረገፈች እንጂ። የካሕሳይ ግራ ጉልበቱ ተሰበረ። ከኋላ ይከተል የነበረው እንድሪስ በራሱ መኪና ጭኖ ወደ ሐኪም ቤት አደረሰው።

በሦስተኛው ቀን ለተብርሃን፣ አቦይ ወልዱና እንድሪስ አብረው ወደ ጽሕፈት ቤት ገቡ። ለተብርሃን አላለቀሰችም፤ አልጮኸችምም። ከጠረጴዛዬ ፊት ቆማ፣ «እኔ ያልኩትን የጻፍክበትን ወረቀት አውጣው፤» አለችኝ። ግልባጩን አወጣሁ። «አንብበው።»

አነበብኩ፦ «የኋላዋ ስፖንዳ እየተነቀለች ትወድቃለች።»

አቦይ ወልዱ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው፣ «እየተነቀለች ማለት በአማርኛ ምን ማለት ነው?» አሉ።

«ከቦታዋ እየወለቀች፤ እየተገነጠለች።»

ቀድሞ የገባው እንድሪስ ነው። እጁን በግንባሩ ላይ አሳረፈ።

«ያ አላህ! አንቱ ጸሐፊ፣ በትግርኛ ነቐለ ማለት ተነሣ፣ መንገድ ጀመረ ማለት እኮ ነው! እኔም መጀመሪያ እዚህ ስመጣ ‹ጓደኛህ ነቒሉ› ቢሉኝ፣ ምን ነቀለ፣ ከማን ማሳ ብዬ ልጣላ ነበር። እርሷ ያለችው መኪናዋ ስትነሣ ስፖንዳዋ ትወድቃለች ነው! ማን ተነቀለች አለ?»

ወረቀቱ በእጄ ላይ ነበር። ፊደሉ የእኔ፣ ነጥቡ የእኔ፣ ማኅተሙም ጥርት ብሎ ያረፈ ነው። በሁለቱ ቋንቋ ሁለት ትርጉም ካለው ቃል አንዱን ትቼ አንዱን ይዤ፣ ፋብሪካው ያልታመመውን እንዲያክም አደረግሁት።

«ጠይቄህ ነበር፤» አለችኝ ለተብርሃን።

«ጠይቀሽኝ ነበር፤» አልኩ።

ሐኪሞቹ እግሩ ይተርፋል፣ ጉልበቱ ግን አይታጠፍም አሉ። ታኮ የሚያገባ ሰው ደግሞ ጎንበስ ብሎ ሮጦ መሳፈር አለበት። ካሕሳይ ሌላ ሙያ አያውቅም። ከዚህም በላይ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ዓይነት መኪና፣ ከሌሎች ስፖንዳዎች ኋላ የሚቆሙ ሌሎች ሰዎች አሉ፤ እነርሱም ማጠፊያው ስለ መጣላቸው ገመዳቸውን ፈትተዋል። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከባለ መኪና ወደ ባለ መኪና እየዞርኩ፣ «ገመዳችሁን መልሱ፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤» እያልኩ ተናገርኩ። አንዱ በሩን ዘጋብኝ። አንዱ ደግሞ፣ «ሸዋዬ፣ አንደበትህን ፍታው ብንል የእኛን ገመድ ፈታህ?» አለኝ። ተገቢ ነበር።

ከዚያ ወደ ክፍሉ ሹም ገባሁ። የእርማት ደብዳቤ እንዲወጣ ለመንኳቸው።

«ማኅተም ያረፈበትን መልሰህ ስትሽር ጽሕፈት ቤቱ ምን ይባላል?» አሉኝ። «ማጠፊያው ደካማ ነበር በል። ስሕተቱ የፋብሪካው ነው።»

«ጌታዬ፣ ማጠፊያው አልተሰበረም።»

«ማን ያየዋል?»

«ከኋላ የሚቆመው ሰው ያየዋል።»

ሹሙ እርሳሳቸውን አስቀመጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ጽሕፈት ቤቱን እንደ ልጃቸው የሚፈሩለት ሰው ነበሩ። በመጨረሻ፣ «ስሕተቱ በአንተ ስም ይጻፋል፤ በግል ማኅደርህም ተግሣጽ ይገባል። ትስማማለህ?» አሉ። ተስማማሁ። ያ የተግሣጽ ወረቀት በአገልግሎቴ ውስጥ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ነው፤ ግልባጩን እስከ ዛሬ አኑሬዋለሁ።

ሁለተኛውን ደብዳቤ ለመጻፍ ግን አልቸኮልኩም። «መንጠቆው ይከፈታል» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ለምን ይከፈታል? ቆሞ የማይከፈት፣ ሲሄድ የማይከፈት፣ ሲነሣ ብቻ የሚከፈተው ምን ስለ ሆነ ነው? አቦይ ወልዱ የለተብርሃንን መኪና ጨው አስጭነው፣ ስፖንዳዋን በሁለት ገመድ አሳስረው፣ በዚያው ዳገት ላይ አቆሟት። በመንጠቆውና በሚገባበት ቀለበት፣ በዓይኑ፣ ላይ በጠመኔ ቀጭን መስመር አሰመሩ። ሹፌሩ አስነሥቶ ጥቂት ሄደና ቆመ። መስመሩ አልተናጋም። ደገምን፤ አልተናጋም። እኔ በልቤ፣ ምናልባት ያን ዕለት በደንብ ሳይቆለፍ ቀርቶ ይሆን ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ማሰቤ ለእኔ የሚመች ስለ ነበረ ወዲያው ተጠራጠርኩት።

ካሕሳይ ከመንገዱ ዳር በድንጋይ ላይ እግሩን ዘርግቶ፣ ምርኩዙን ታቅፎ ተቀምጧል።

«ታኮ የለም፤» አለ።

«ምን አልክ?» አልኩት።

«ታኮ አላገባችሁም። ሹፌሩ አሁን በፍሬን ይዞ ነው የሚነሣው። ስትጭን በፍሬን አትቆምም፤ በታኮ ነው የምትቆመው። ታኮው ሲወጣ መጀመሪያ ወደ ኋላ ትንሸራተታለች፤ ትንሽ፣ የእጅ ስፋት ታህል። ከዚያ ሹፌሩ ቤንዚን ሲሰጣት ወደ ፊት ትዘላለች። ያኔ ነው። ይህን የሚያይ ከኋላ የቆመ ብቻ ነው።»

ታኮ አገባን፤ በረጅም ገመድ ከሩቅ ሆነን ሳብነው። መኪናዋ አፈገፈገች፤ ዘለለች። የአሞሌው ክምር ተገፍቶ ስፖንዳዋን መታት፤ ከታች የገባው መንጠቆም ከዓይኑ ወደ ታች ሸርተት ብሎ ከጠመኔው መስመር በአንድ ጣት ራቀ። ሁለት ጊዜ ደግመን በሦስተኛው ጨርሶ ወለቀ፤ ስፖንዳዋን የያዙት ገመዶቹ ብቻ ነበሩ። አቦይ ወልዱ ቆባቸውን አውልቀው ወደ ካሕሳይ ሄዱና፣ «መርማሪው አንተ ነህ፤» አሉት። ካሕሳይ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

ደብዳቤውን እዚያው ዳገት ላይ፣ ወረቀቱን በጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ጀመርኩት። መንጠቆው ከታች ወደ ላይ ሳይሆን ከላይ ወደ ታች እንዲገባ፣ በላዩም በሰንሰለት የታሰረ ቀጭን ብረት እንዲሰካበት፣ የእጅ ፍሬኗም የተጫነችን መኪና በዳገት ለመያዝ እንዲበቃ ጠየቅን። አቦይ ወልዱ ሥዕሉን ነደፉ። እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር በትግርኛ መልሼ ነገርኳቸው፤ ለተብርሃን ሁለት ቦታ አስቆመችኝ፤ ሁለቱንም አረምኩ። በቅጹ ላይ ስለ ሰው ዓምድ ስለሌለ ቅጹን ትቼ በነጭ ወረቀት ነው የጻፍኩት። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ይህ ነበር፦ «ከዚህች መኪና በስተኋላ ሰው ይቆማል።»

ለረጅም ጊዜ መልስ አልመጣም። አንድ ዓመት አለፈ፤ ከዚያም በላይ። የመጣውም መልስ ሳይሆን ጥያቄ ነው። አስመጪው በአማርኛ ተርጉሞ የላከው አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «ሰውየው ከመኪናው በስተኋላ የሚቆመው ለምንድን ነው?»

መጀመሪያ ተናደድኩ። ቀጥሎ ግን ነገሩ ገረመኝ። መኪናዋን የሠሯት ሰዎች ምናልባት ሜዳማ አገር ይኖራሉ። ስፖንዳዋን ሲሠሩ ከኋላዋ መንገድ እንጂ ሰው አላዩም። አላዋቂዎች ሆነው አይደለም፤ ማንም ስላልነገራቸው ነው። እኔም በመጀመሪያው ደብዳቤ ልነግራቸው ስችል ሳልነግራቸው ቀርቻለሁ። ጥያቄውን ይዤ ወደ ለተብርሃን ቤት ሄድኩና ለካሕሳይ አነበብኩለት።

«ንሳቶም ስለ ዘይቆሙ በሎም፤» አለኝ፤ እነሱ ስለማይቆሙ ነው በላቸው ማለቱ ነው።

እኅቱ ተቆጣችው፤ «ኧረ በሥርዓት መልስ!»

«በሥርዓት ነው የመለስኩት።»

ከዚያ ግን ተስተካክሎ ተቀመጠና አንድ በአንድ አስጻፈኝ፤ ዳገቱ እንዴት እንደሚቆም፣ ጨው በክብደቱ ከእህል እንዴት እንደሚለይ፣ ፍሬኑ ሲሞቅ እንዴት እንደሚከዳ፣ ታኮ የሚያገባው ሰው በየትኛው ጎማ በኩል እንደሚቆምና ለምን እንደዚያ እንደሚቆም። ሦስት ገጽ ሞላ። በግርጌው ስሙን ጻፍኩ፤ ጣቱንም አሳረፈበት።

ቆይተው የመጡት መኪናዎች መንጠቋቸው ከላይ የሚገባ፣ በሰንሰለት የታሰረ መሰኪያ ያለው ነበር። የእጅ ፍሬናቸውም ጠንካራ ነው። ይህ የሆነው በእኛ ደብዳቤ ይሁን፣ ወይም ሌላ ተራራማ አገር ያለ ሌላ ሰው ቀድሞን ጽፎ ይሁን፣ ላረጋግጥ አልችልም። የማላረጋግጠውን አልጽፍም።

ለተብርሃን ከእነዚያ አንዷን በገዛች ሰሞን ጨው ጭና ወደ ኲሓ ስትወጣ እኔና አቦይ ወልዱ አብረን ሄድን። ሹፌሩ በእንዳ ኢየሱስ ዳገት መሐል አቁሞ የእጅ ፍሬኑን ሳበ። መኪናዋ ጨውዋን እንደ ተሸከመች ቀጥ ብላ ቆመች። ከኋላዋ ማንም አልነበረም። ካሕሳይ ከሹፌሩ አጠገብ፣ በጋቢናው ውስጥ ተቀምጦ ነበር። በዚህ መንገድ ለዓመታት ሲመላለስ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ነው የኖረው።

በመስኮቱ በኩል ቀረብኩና፣ «እንዴት ነው?» አልኩት።

«ካብ ቅድሚት ክትርአ ጽብቕቲ እያ፤» አለኝ፤ መንገዷ ከፊት ስትታይ ቆንጆ ናት ማለቱ ነው። ቀጥሎ የማይታጠፈውን እግሩን አየ። ተረከዙ ከፊቱ ካለው ብረት ጋር ተጋጥሞ፣ በወገቡ ተጣሞ ነው የተቀመጠው። ፊቱን ወደ እኔ መልሶ፣ «ግን እግር መዘርጊያ የላትም። ጽሓፍ፤» አለኝ።

በሩን ከፈትኩ፤ ከወገቡ እስከ ተረከዙ በስንዝር ለካሁትና ጻፍኩ።